የነፈግኋት «ይማርሽ»

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ቡሬ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ ዘርግቼ ዛላ እቀነጥሳለሁ፤ አስፈጭቼም እሸጣለሁ። በርበሬ ሲቀነጥስ የዋለ ሰው ሲያስነጥስ ነው የሚውለው። አጠገቤ ሰው ስለሌለ ራሴው አስነጥሼ ራሴው «ይማርሽ» እላለሁ። አበደች ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ! ብቻን መዋል ከበርበሬው ይብስ ያቃጥላል።

ድሮ እንዲህ አልነበርሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎኔ የምትቀመጥ ባልንጀራ ነበረችኝ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ «ሥጋ ይለየናል እንጂ በርበሬ አይለየንም» እያለች ታስቀኝ ነበር። ባሌን ቀብሬ ከሽንዲ ገጠር ስመጣ ዛላ መምረጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሳስነጥስ «ይማርሽ!» ትለኛለች፤ «ያኑርሽ!» እላታለሁ። ስታስነጥስ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ሌላ ወሬ ባይኖረን እንኳ ይኸው ያውለን ነበር።

አንድ የኅዳር ገበያ ቀን፣ ለሠርግ የሚሆን በርበሬ የምትፈልግ ሴት መጣች። የእኔን ዛላ አንሥታ ስታገላብጥ፣ ባልንጀራዬ «እህቴ፣ ይኸ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው» አለቻት። ሴትዮዋ ጥላኝ ሄደች። ደሜ ፈላ! በሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ አፌን ለጎምሁ። ከሰዓት በኋላ አስነጠሰች። ዝም አልሁ። ደግማ አስነጠሰች፤ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አቀርቅሬ መቀንጠሴን ቀጠልሁ። ሦስተኛውን በሻሿ ጫፍ አፍና ያዘችው።

በማግስቱ አልመጣችም። ፍኖተ ሰላም እህቷ ዘንድ ሄዳ እዚያው መሸጥ ጀመረች አሉኝ። ያ በርበሬዬም ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ሻገተ፤ ለካ እውነቷን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ኩራት ክፉ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ «እሷ ትምጣ» እያልሁ ቆየሁ። ፋሲካን ብቻዬን ፈስኬ አንጀቴ አልችል ሲለኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳሰናዳ ነበር፦ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ ነይ እንመለስ።»

ገበያው መሐል አገኘኋት። ከስታለች። ሳያት እንባዬ መጣ። እሷ ግን ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ የምቀመጥበት ዱካም አቀረበችልኝ።

«እንደምን ከረሙ? ስንት ኪሎ ልመዝንልዎ?» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ! ስድስት ዓመት አንቺ ስትለኝ የኖረች፣ በዕድሜም የምትበልጠኝ ሴት፣ እንደ ባዳ አንቱ አለችኝ። የሰነቅሁትን ቃል ትቼ ብር ላወጣ መቀነቴን ፈታሁ።

«አንድ ኪሎ» አልኋት።

መዝና፣ ቋጥራ ሰጠችኝ። የቡሬዋ በርበሬ ነጋዴ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ ታቅፌ ተመለስሁ።