የአማከለች ቄጤማ

አማከለችን ሰው «የቆሻሻዋ ባልቴት» ይላት ነበር። አፍ አይከፈልበት! ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ቆሻሻ መድፊያ የሚወርደውን ጥቁር ውሃ ለማጥራት ከእሷ ሌላ ማን ጎንበስ አለ? እኛ ጎረቤቶቿማ አፍንጫችንን ይዘን አላፊ ነን።

እሷ ግን የምትሳሳላት ነበረቻት፤ ልጇ በወሊድ ስትሞት ጥላላት የሄደችው የልጅ ልጇ ጽናት። ያ ውሃ ቁልቁል ወርዶ የምንጠጣው ምንጭ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃኗም ሆዷን እየታመመች ከስታ ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ለአማከለች መላ ነገረቻት፤ ቦዩ ላይ ጠጠር አፍስሳ ቄጤማ ብትተክል ሥሩ እድፉን ይዞ ያስቀረዋል። ቅጠሉን ማጨድ ይቻላል፣ ሥሩ ግን አይነካም። ውሎ አድሮ ከቦዩ የሚወጣው ውሃ ጠራ። የጽናትም ጉንጭ ሞላ፤ ከግልገሎች ጋር መዝለል ጀመረች።

በሚሊኒየሙ ዓመት በልጉ ቀረ። ረግረጉ ሁሉ ደረቀና ፋሲካ ሲደርስ ለምለም ቄጤማ ያለው አማከለች ቦይ ላይ ብቻ ሆነ። ለቀዳም ሥዑር የሚታደል ቢጠፋ፣ የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ጻድቅ ደጇ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ምእመኑ ግንባሩ ላይ ምን ይሰር?»

«አባቴ፣ ይህ እኮ የቆሻሻ ውሃ ያሳደገው ነው።»

«ለእግዜር ሲሰጥ ይቀደሳል።»

የነፍስ አባቱን እምቢ የሚል መንዜ ካለ እስቲ አሳዩኝ! ሥሩን እንዳይነኩባት ብቻ ለመነች። ዲያቆናቱ ግን መሬቱ ርሶ ስለነበር ሲስቡት ከነሥሩ መጣላቸው፤ ቀለላቸውና ጭራሽ ነቅለው ጨረሱት። ቅዳሜ አባ ወልደ ጻድቅ በየቤቱ እየዞሩ «የጥፋት ውሃ ጎደለ» እያሉ አደሉት። አማከለች ለጽናት ግንባሯ ላይ አሰረችላት። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አላወልቅም አለች።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ያ የቀረው ዝናብ ድንገት ወረደ። አገሩ እልል አለ። ጎርፉ የከረመውን እድፍ ሁሉ ጠርጎ፣ ባዶውን ቦይ አልፎ ምንጩ ውስጥ ከተተው። ጽናትን ተቅማጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አያቷ ጀርባ ላይ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ አባ ወልደ ጻድቅ ሊያጽናኗት መጡ። አማከለች ከመደቡ ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ይፍቱኝ አባቴ» አለች። «እያወቅሁ፣ እርስዎን እምቢ ማለት አፍሬ ልጄን ገደልኳት።»

ሽማግሌው መስቀላቸውን አወጡ። ሊያሳልሟት ግን አልቻሉም።