ያልተተኮሰው ሸሚዝ

ተኳሹ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የለበሰው ሸሚዝ አልተተኮሰም ነበር። ይህን ነገር አቅልላችሁ እንዳታዩት። ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ቆሞ የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ የኖረ፣ ስንቱን ሙሽራና ስንቱን ባለሥልጣን አቃንቶ የሸኘ ሰው ነው። ባልደረቦቹ “አባ ካውያ” ይሉታል። እውነተኛ ስሙማ በየሰፈሩ አሥር ሰው የሚጠራበት ዓይነት ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ታላቅ እህቱ በር ላይ አስቆመችው።

“አንተ! በዚህ ሸሚዝ ልትሄድ ነው? ደረትህ ላይ ያለውን መስመር አላየኸውም? ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ እንደከረመ ያስታውቃል እኮ!”

“ይሁን።”

“ምኑ ነው ይሁን? ካውያው አጠገብህ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም!”

“ይሁን አልኩ እኮ፣ እትዬ።”

እህቱ ሌላ ልትጨምር አፏን ስትከፍት ሸሚዙን ለየችው። ዝምታ የማይሆንላት ሴት ናትና ወዲያው ወሬ ለወጠች።

“ለመሆኑ ‘ለምን ውጭ አገር መሥራት ፈለጉ’ ሲሉህ ምን ትላለህ?”

“ልምድ ለመቅሰም።”

“በሃምሳ አራት ዓመትህ የምን ልምድ ነው የምትቀስመው? ብቻ በል። ሁሉም የሚለው እሱን ነው።”

ሸሚዙን ያጠፈችው ልጁ ናት። እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እህቱ ደግሞ ያኔ ሩቅ ነበረች። ስለዚህ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ላውንደሪው ውስጥ፣ መተኮሻ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እሱ ከላይ ይተኩሳል። ኩርፊያ ትወድ ነበር። ባኮረፈች ቁጥር የትምህርት ቤት ሸሚዟን ሲያጥፍላት የአንዱን እጅጌ ጫፍ ደረቱ ላይ ወደ ውጭ አውጥቶ ይተወዋል። የተዘረጋ እጅ ይመስላል። ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ኩርፊያዋ ሲበርድላት እሷ ጫፉን ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። ታርቀናል ማለቷ ነው።

አድጋ እዚያው ተኳሽ ስትሆን የልጅነት ጨዋታው የሁለቱ ሕግ ሆኖ ቀረ። አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሀል ጎን ለጎን ቆመው ሲውሉ መጋጨታቸው አይቀርም፤ ታዲያ ያጠፋው ሰው አንድ ሸሚዝ እጅጌውን አውጥቶ ሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። የተቀየመው ጫፉን ይመልሳል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሁለቱም ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከአፋቸው ማውጣት ጥርስ የመነቀል ያህል ያማቸው ስለነበር፣ ይህች ዘዴ ባትኖር ምን ይውጣቸው እንደነበር እንጃ።

ከሦስት ዓመት በፊት ግን ልጅቱ ውጭ አገር የምትሄድበትን ጉዳይ አምስት ወር ሙሉ ደብቃው ጨረሰችና፣ ቲኬቷን ከቆረጠች በኋላ ነገረችው። ቆሌው ተገፈፈ። ብቻውን መቅረትን ፈርቶ ነበር፤ ፈራሁ ማለት ግን አያውቅበትም። እናም የላውንደሪው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ከዚህ ቤት ከወጣሽ አባት የለሽም! ማንም ቢጠይቅሽ ሞቷል በይ!” አላት። ያን ጊዜ ምላሱን ነክሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በሄደችበት ጠዋት ይህን ሸሚዝ እጅጌውን አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና በሩ ጋ ቆማ ጠበቀች። እሱ ነቅቶ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ መሰለ። ብዙ ቆመች። ከዚያ የሻንጣዋ ጎማ እየተንኳኳ ደረጃውን ሲወርድ ሰማ፣ ተነስቶም አላያትም።

በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳም። በሦስተኛው ወር ኩራቱን ውጦ ሲደውል ቁጥሩ አይሠራም። ሸሚዙ እንደታጠፈ፣ እጅጌው እንደተዘረጋ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ። ያን ጠዋት ግን አወጣውና ጫፉን ወደ ውስጥ መለሰው፤ ሦስት ዓመት ዘግይቶ። ከዚያም ዘርግቶ ለበሰው። መስመሩን ካውያ ሊያስነካው አልቻለም። ከልጁ እጅ ቤቱ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ልጅቱ የምትሠራበትን ሆቴል አጣርታ ያመጣችለት ያችው ወሬ የማያመልጣት እህቱ ናት። ሆቴሉ ተኳሾች ሊቀጥር ሰው መላኩን የሰማችውም እሷ ናት። ልምድ ለመቅሰም ይበል እንጂ፣ ውጭ አገር የሚያስኬደው ሌላ ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጸሐፊው ቅጽ እያደለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስጠነቅቃል።

“ሆቴሉ የሠራተኞቹን ዘመድ አይቀጥርም! ቅጹ ላይ ሐሰት የጻፈ ሰው እዚያ ከሄደ በኋላም ቢሆን በታወቀበት ቀን ከሥራ ተሰናብቶ ይመለሳል! ባለፈው አንዷ ባል የለኝም ብላ ጽፋ ሻንጣዋን ሳትፈታ ተመልሳለች!”

ተኳሹ “በድርጅቱ የሚሠራ ዘመድ” በሚለው መስመር ላይ “የለም” ብሎ ጻፈ። ቢባረር እሱ ይባረራል፤ አንድ ቀን ካያትና ያቺን ‘ሞቷል በይ’ ያላትን ቃል ካነሳላት በኋላ የፈለጉትን ያድርጉት።

ጠያቂዋ የሆቴሉ ላውንደሪ ኃላፊ ነች፤ እሷም በወጣትነቷ ሄዳ እዚያው የቀረች፣ ፈገግታ የማይለያት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ብዕሮች ሳይቀር በሰልፍ የምትደረድር ሴት። ገና ሲገባ ዓይኗ ደረቱ ላይ አረፈ።

“ተኳሽ ነዎት አይደል? ሸሚዝዎን ለምን አልተኮሱትም?”

“ያጠፈው ሰው እጅ ጥሩ ነበር። እንዳይጠፋ ብዬ ነው።”

መልሱ እንግዳ ሆነባት መሰለኝ፣ ሳቅ ብላ ጥግ ላይ ወዳለው መተኮሻ አመለከተችው። ነጭ ሸሚዝ ተሰጠው። ጣቱን በምራቁ አርሶ ካውያውን ሞከረ። ኮሌታውን ከጫፎቹ ወደ መሀል፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌዎቹን፣ መጨረሻ ላይ በቁልፎቹ መሀል በካውያው አፍንጫ እየሾለከ አካሉን ጨረሰ። እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነስታ ነበር።

“ይህን አስተጣጠፍ አውቀዋለሁ!” አለች። “እጅጌዎቹን ከኋላ አያቆላልፏቸውም፣ ጎን ለጎን ነው የሚያወርዷቸው። እኔ ጋ እንዲህ የምታጥፍ አንዲት ልጅ አለች።”

“ደህና ናት?” አለ፤ አመለጠው።

“እሷማ እጇ የተባረከ ነው። ማን አስተማረሽ ስላት፣ አባቴ አለችኝ። ነፍሱን ይማረውና።”

ካውያውን ማስቀመጫው ላይ ለማቆም ሁለት ጊዜ ሞከረ።

“ሞቷል አለችዎት?”

“ቅጿ ላይም ያለው እሱ ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ፈቃድ ትጠይቀኛለች፣ አባቴን ያጣሁበት ቀን ነው እያለች። ቀኑን ክፍሏን ዘግታ ነው የምትውለው፤ ታሳዝነኛለች። ሥራ በሚበዛብን ሰሞን ስለሆነ ቀኑን አልረሳውም።” ወሩንም ቀኑንም ነገረችው። የሻንጣው ጎማ ደረጃውን የወረደበት ቀን ነበር።

ልጅቱ ድሮም የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ነበረች። ሞቷል በይ አላት፤ ሞቷል አለች። ሲላት ረስቶት የነበረውን ነገር ግን እሷ አልረሳችውም፤ ሞቷል ካለች ማልቀስም አለባት፤ በየዓመቱ ብቻዋን ታለቅስለታለች።

“እኔ ነኝ እኮ! አለሁ እኮ!” ሊል ነበር፤ ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። የጸሐፊው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸበት። እኔ ነኝ ካለ የልጁ ቅጽ ሐሰት ይሆናል። ተቀጥሮ ቢሄድም ያው ነው፤ ሞተ የተባለ አባት ከመተኮሻው ወዲያ ቆሞ ሊደበቅ አይችልም። ሻንጣዋን ይዛ የምትባረረው እሷ ናት።

“እርስዎስ ልጅ አለዎት?” አለችው ኃላፊዋ ወደ ወረቀቷ እየተመለሰች።

“የለኝም” አለ። ያኔ በንዴት የተናገረውን፣ አሁን ምን እያለ እንደሆነ እያወቀ ደገመው።

“እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄ። ውጭ አገር መሥራት የፈለጉት ለምንድን ነው?”

“ልምድ ለመቅሰም።”

“ኧረ አባቴ!” ከልቧ ሳቀች። “ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለኝ። እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ።”

አባቴ ያለችው ለአክብሮት ነው። እሱ ግን ይህን ቃል ከሰማ ሦስት ዓመቱ ነው።

“እውነቱን ከሆነ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ይቅርብኝ።”

“ምነው? ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጡት እርስዎ ነዎት እኮ! ስምዎን ልጽፍ ብዕር ይዤ?”

“እግሬ ቆሞ መዋል አቅቶታል። በከንቱ አደከምኩዎት።” የታጠፈውን ሸሚዝ አንስቶ፣ “ይህን ሸሚዝ ግን ለዚያች ልጅ ቢያሳዩልኝ። እንደ አባቷ የሚያጥፍ ሰው አለ ብላ ደስ ይላት ይሆናል” አለ።

“እንዴታ! ነገ ነው የምመለሰው፤ እንደታጠፈ ይዤላት እሄዳለሁ።”

“እስቲ አንዴ ላስተካክለው።”

ጀርባውን ሰጥቷት የግራ እጅጌውን ጫፍ ሳብ አድርጎ አወጣውና ደረቱ ላይ ዘረጋው። በመዳፉ ጫን አደረገው። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይገባውም። እሷ ግን ስታየው ታውቃለች፤ አባቷ በሕይወት እንዳለ፣ ፈልጓት እስከዚህ እንደመጣ፣ አሁን ይቅር በይኝ ባዩ እሱ እንደሆነ። ቅጽ አይነካ፣ ማንም አይባረር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለለው፤ ሸሚዙን በሁለት እጁ ይዞ ሰጣት።

ኃላፊዋ ተቀብላ አየችው።

“ውይ፣ እጅጌው ወጥቷል! ደክሞዎታል መሰለኝ።” በሁለት ጣቷ ጫፉን ወደ ውስጥ መለሰችው፤ በመዳፏ ደረቱን ዳበስ ዳበስ አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “አሁን አማረ።”

ተኳሹ ይተዉት ቢላት ለምን ትላለች፤ ለምን ካለችው ደግሞ የሚነግራት ነገር የለም። ይቅር በይኝ ማለት ካቃተው ከሦስት ዓመት በኋላ አለ፤ ይቅር የተባለውም ምን እንዳደረገች በማታውቅ ሴት እጅ ሆነ። ልጁ ነገ ከነገ ወዲያ ጥሩ ተደርጎ የታጠፈ፣ ይቅር በይኝ የማይል ሸሚዝ ታያለች።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ።

“ሲወጡ የሚቀጥለውን ሰው ይጥሩልኝ” አለችው ኃላፊዋ፣ ብዕሯን ወደ ሰልፉ እየመለሰች። ወጣና ጠራላት።