ሳልጠይቃቸው የቆጠርኳቸው ሴቶች

ይህን ለእናቴም ለባለቤቴም ተናግሬው አላውቅም። ከእትዬ ከድጃ በቀር የሚያውቅ የለም። የእሳቸውን ነገር ላወራ በፈለግሁ ቁጥር ደግሞ የራሴ ጥፋት ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሽንኩርት እርሻው አጠገብ፣ ለሥራ ከሌላ አገር የመጡ ሴቶች ተከራይተው የሚኖሩበት ሰፈር አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት እነሱን እንድመዘግብ በቀበሌው ጤና ኬላ ተቀጠርኩ። ከመጡት ሴቶች ስንቶቹ እንደተገረዙ፣ ከልጆቻቸውም ስንቶቹን መገረዝ እንደሚያሰጋቸው ለመገመት ነበር። የሚያሰጋት ልጅ ከተገኘች ባለሙያዎች ቤቷ ድረስ ሄደው ወላጆቿን ያነጋግራሉ።

አራት ቤት ጠየቅሁ። በአራተኛው ቤት ያለችው ሴት ጥያቄውን ስትሰማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አፈርኩ። ሙቀቱም ከባድ ነበር፤ ግን በሙቀቱ አላሳብብም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የቀሩትን ቅጾች ራሴ ሞላኋቸው። የሴቶቹንና የልጆቻቸውን ስም፣ የመጡበትንም አገር ከአከራያቸው ጠይቄ ጻፍኩ። እናቶቹን «ተገርዛለች»፣ ልጆቹን «አያሰጋትም» አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። እኔ ጻፍኩ፤ እኔ ፈረምኩ።

ሰፈሩ አያሰጋም ተባለና ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዱ።

እትዬ ከድጃ ሽንኩርት አራሚ ነበሩ። አማታቸው የሰባት ዓመቷን ሩቂያን ለማስገረዝ ቀን ሲቆርጡ፣ ልጃቸውን ይዘው ከባላቸው ቤት የወጡ ሴት ናቸው። ይህንኑ ለመዝጋቢዋ ሊናገሩ ሥራ ቀርተው ሲጠብቁኝ ውለዋል። እኔ በራቸውን አላንኳኳሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጤና ኬላው ድረስ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እኛን ምን ብለሽ ጻፍሽን?»

«ስምዎ ተመዝግቧል፣ እትዬ።»

«ስሜን አላልኩሽም። ማን ጠየቀኝ? የጎረቤቴን ልጅ ሰሚራን ትናንት እኔ እርሻ ሳለሁ አስገረዟት። ደሟ አልቆም ብሎ ይዣት መጥቻለሁ።»

ሮጬ ወጣሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ባጃጅ ውስጥ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ስሟን አስታወስኩት። በገዛ እጄ «አያሰጋትም» ብዬ ጽፌባታለሁ። ጤና ጣቢያ አደረስናትና ሕይወቷ ተረፈ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ያደረግሁትን ሁሉ ለእትዬ ከድጃ ነገርኳቸው። ይከሱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣

«ብትባረሪ የምትተካሽም እንዳንቺ ታደርግ ይሆናል» አሉ። «አንቺ ግን ወላሂ ከእንግዲህ ትጠይቂያለሽ። ነገ እርሻ ነይ።»

ሄድኩ። እትዬ ከድጃ ከአንዷ ሴት አጠገብ ቁጢጥ ብለው አብረዋት እያረሙ፣ ስለ እሷ ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ይናገራሉ። «እኔን በስድስት ዓመቴ ነው። ሩቂያን ስወልድ ሞቼ ተርፌያለሁ። አንቺስ፣ እህቴ?» ያቺ ፊቷን የሸፈነችብኝ ሴት ሳትቀር ተናገረች። ፊደል ያልቆጠሩት ሴት ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ እኔ የሸሸሁትን ሥራ ሠሩ። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ጻፍኩ።

በአሥረኛው ቀን አማታቸው ሩቂያን ሊወስዱ መጡ። እትዬ ከድጃ «አያቷ ነዎት፤ ይሳሟት። ይዘዋት ግን አይሄዱም» አሏቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከእርሻው ወጥተው ከኋላቸው ቆሙ። አሮጊቷ ልጅቷን ስመው ተመለሱ። ባለሙያዎቹም በአዲሱ መዝገብ ወደ ሰፈሩ መጡ። መዝገቡ ለምን እንደተቀየረ ለጠየቀኝ አለቃዬ ግን «ሴቶቹን መጀመሪያ ቤት አጥቻቸው ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ሰሚራ ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ ስታየኝ ሮጣ ትስመኛለች፤ ያዳንኳት ይመስላታል። እኔም ዝም ብዬ እሳማለሁ። ያኔ ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ። እትዬ ከድጃ ይቅር ብለውኛል፤ የሰሚራን ይቅርታ ግን እሳቸውም ሊሰጡኝ አይችሉም። ስታድግ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ሰላም ባትለኝ አልቀየማትም።