ሳይቀበሉ ማመስገን

ባሌን ሰፈሩ «እሺታ» ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ አመሉ ነው። ና አግዘኝ ቢሉት እሺ፣ ቆይ ቢሉት እሺ፣ ሂድ ቢሉት እሺ። ብረት በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ሲረጭበት የሚውል ሰው እንዴት እንዲህ ለስላሳ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሲናደድ እንኳ አይጮህም፤ ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔ ስናደድ ግን ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል።

ወንጌል አገልጋይ እሆናለሁ ብሎ ማሠልጠኛ ሲገባ ልጃችን ገና ጡት አልተወችም ነበር። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ይበይዳል። እኔ ዳቦ ቤት ሊጥ አቦካለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው። ሰው ባይደግፈን ኖሮ የት እንደርስ ነበር? የሥራ ጓደኞቹ ከባድ ከባዱን ሥራ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ቀላሉን ይተዉለት ነበር። ልጄን ያሳደጉልኝ ደግሞ እማማ መርፌ ናቸው።

እማማ መርፌ በግቢያችን በር ላይ ባለችው ክፍል የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። መርፌ ያስባላቸው ሥራቸው ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ነው። ልጄን ከስፌት ማሽናቸው አጠገብ በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ አስተኝተው፣ በእግራቸው ፔዳሉን እየረገጡ፣ በአፋቸው እኔን እየነቀፉ አሳደጉልኝ። «ይቺን ልጅ ማን ነው የወለዳት? እኔ ነኝ እንዴ?» ይሉኛል ከሥራ ስመለስ። ልጅቱ ግን ጠግባ፣ ታጥባ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ነው የማገኛት። «እግዜር ይስጥልኝ» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዝም በይና ግቢ።»

ጋሼ ደግሞ አሉ፤ የግቢው ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ባሌ ትምህርቱን እስኪጨርስ ብለው ጓሮ ያለችውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጡን። ሰጡን፤ አልክድም። ጣሪያዋ ቢያፈስም ክፍል ናት። ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ይሄን ልጅ ያስጠለልኩት እኔ ነኝ» ሲሉ፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን ከጎን እንቆማለን። እንግዳ ሲመጣባቸው ጠርተው እንደ አዲስ ሶፋ ያሳዩናል። ጥርሴን ነክሼ «ተመስገን፣ ጋሼ ይኑሩልን» ማለት ለመደብኝ። ምስጋና ጉሮሮ ላይ የሚቆም ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ባሌ ከክፍል ሲመለስ መምህሩ ያስተማሩትን ነገረኝ። እምነት ማለት ገና ያልተቀበሉትን እንደተቀበሉ ቆጥሮ ማመስገን ነው አለኝ። «እንግዲያው ላልጋገርኩት ዳቦ አመስግነኝና ልተኛ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳሁት።

ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ባሌን አስጠሩት። እኔም የጠራኝ ባይኖርም ተከትዬ ገባሁ። መኪና ሊገዙ ነው። ለማቆሚያ የሚመቸው የእማማ መርፌ ክፍል ነው፤ ይፈርሳል።

«አንተ ንገራቸው» አሉት። «አሁን አገልጋይ ነህ፣ አንተን ይሰማሉ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው በላቸው።»

«የት ይሄዳሉ?» አልኩ እኔ።

«ከከተማ ወጣ ሲባል ቤት ሞልቷል።»

ቤትስ ሞልቷል። ደንበኛ ግን ይከተላቸዋል? ዓይናቸው በደከመበት ዕድሜ፣ ማን ያውቃቸዋል፣ ማን ሱሪ ይዞላቸው ይመጣል? ይሄን ልናገር ስል ጋሼ ወደ ባሌ ዞረው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባሌ።

ክፍላችን እስክንደርስ አልታገስኩም፤ ጓሮው መሃል ጀመርኩ። «ምኑን ነው እሺ? ውሻ ሲሉህ እሺ?»

«ቤታቸው እየኖርኩ ምን ልበል? ወጪት ሰባሪ ልባል?»

«ወጪቱ የማን ነው? ልጅህን ማን አበላት?»

ሳምንቱን ሙሉ በእማማ በር ሲያልፍ ሰላም ይላቸዋል እንጂ አልነገራቸውም። ለምርቃቱ የሚለብሰውን ሱሪ አሳጥረው ሲሰጡት እንኳ ተቀብሎ ዝም። እኔም እሱ ይንገር ብዬ በእልህ ዝም አልኩ። ማታ ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ። ፈሪ ነው ያገባሁት አልኩ በልቤ፤ መድረክ ላይ ወጥቶስ ምን ሊሰብክ ነው?

እሁድ ተመራቂዎቹ አንድ በአንድ ምስጋና ሊያቀርቡ መድረክ ላይ ወጡ። ጋሼ አዲስ ክራቫት አስረው ፊት ተቀምጠዋል። እማማ መርፌ ልጄን አቅፈው ከጎኔ ናቸው። ባሌ የሥራ ጓደኞቹን ከኋላ አስነሥቶ አመሰገነ። ቀጥሎ «ጋሼን ለማመስገን ቃል ያጥረኛል» ሲል ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን አንሥቼ ብድግ አልኩ።

ያኔ ድምፁ ዝቅ አለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ ጣሪያ ሰጡን። በዚያ ጣሪያ ሥር ያበሉን ግን እማማ መርፌ ናቸው። አሁን ጋሼ መኪና ሊገዙ ነው፤ የእማማን ክፍል አፍርሰው ማቆሚያ ሊያደርጉት አስበዋል። ንገራቸው ብለውኝ እሺ ብያለሁ፤ ይኸው ነገርኳቸው። መምህሬ ደግሞ ገና ያልተቀበልከውን አመስግን ብለው አስተምረውኛል። ስለዚህ ጋሼ፣ እማማን ከቤታቸው ስላላስወጡልን ከልቤ አመሰግናለሁ።»

በያጆቹ ከኋላ «አሜን!» ብለው ጮኹ። እኔም ጮህኩ። ሕዝቡ ሁሉ አሜን እያለ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉና እሳቸውም «አሜን» አሉ። ያን አሜን ሲውጡት አየሁ።

ማምሻውን በራችን ላይ መጡ። «እሳቸው ይቆዩ» አሉ። «የአንተ ትምህርት ግን አለቀ አይደል? ክፍሏን ልቀቁ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባሌ።

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ሆዴ ውስጥ የከረመውን ሁሉ አራገፍኩት፤ የሰፈሩ መስኮት በሙሉ ተዘጋ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ብለዋል አይደል? ጮህኩላቸው።

ከዚያ ፍራሹን ተሸክመን ወጣን። የምናድረው እሱ የሚሠራበት ብየዳ ቤት ሊሆን ነው። በሩ ጋ ስንደርስ እማማ መርፌ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አንተ!» አሉት ባሌን። «ያን ሁሉ ሕዝብ ከመስማቱ በፊት ለእኔ ቢነገረኝ ምን አለ? ከቤቴ መፍረስ ጋር ሰው ፊት ነው የምታስተዋውቀኝ? አገልጋይ ነኝ ትላለህ!»

ባሌ አቀረቀረ። «አጥፍቻለሁ እማማ። መንገር አቅቶኝ ነው።»

«አጥፍተሃል። በል ፍራሹን በአግድም አድርገው፤ በቁሙ አይገባም።»

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። የስፌት ማሽኑ ጥግ ተገፍቷል፤ የጨርቁ ክምር አልጋ ሥር ገብቷል፤ ወለሉ በፍራሻችን ልክ ባዶ ሆኖ ተጠርጓል። ልጄ መሃሉ ላይ ተቀምጣ በአዝራር ትጫወታለች።

ጋሼ ከመስኮታቸው ያዩናል። ይዩ።

ስንት ዓመት በተነከሰ ጥርስ ያልኩትን ቃል አሁን ልለው ብዬ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። «እማማ፣ እግዜር…»

«ዝም በይና ግቢ» አሉኝ።