መስታወት የወለወለው መስቀል

አያቲቱ የእንጨት መስቀሉን ከተጠቀለለበት ወረቀት አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸው ማረፊያ አጣ።

«የማን ነው ይሄ?» አሉ።

«የእኛ ነዋ እምዬ!» አለ የልጅ ልጃቸው፣ ፊቱ በርቶ። «ፊትሽ አይታይሽም?»

ይታያል። ልጁ የቤት ዕቃ ቀቢ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «መስታወት» ይሉታል፤ እሱ በጨረሰው ጠረጴዛ ላይ ሰው ፊቱን እያየ ጢሙን መላጨት ይችላል። እሁድ እህቱ ታገባለች። አያቲቱ መስቀሉን ከእናታቸው የተቀበሉት በሠርጋቸው ዕለት ነበር፤ ልጃቸው አግብታም እዚያው ቤት ስለኖረች መስቀሉም እዚያው ቀረ። አሁን ተራው የሙሽራይቱ ነው። መስታወት ሊያስደስታቸው ብሎ በድብቅ ወሰደው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ስንጥቁንም ቀዳዳውንም በስቱኮ ደፈነ፤ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባው።

አያቲቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። እዚያ ስማቸው «እትዬ ካውያ» ነበር። ጋውኑ የተጨማደደ ዶክተር ካዩ ኮሪደር ላይ አስቁመው ያስወልቁታል። ማንበብ የተማሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቻቸውን ሃይማኖት ያስተማሩት በዚህ መስቀል ነው። ከማታ ጸሎት በፊት አንድ ሰው መስቀሉን ይይዛል፤ አንዱን ጠባሳ በጣቱ ነክቶ እዚያ ላይ የሆነውን ይናገራል። ከዚያ «አባታችን ሆይ» ይባላል። መስታወት በልጅነቱ ጠባሳው ሳይነካ ነበር የሚያንኮራፋው።

«እሁድ እህትህን ምኑን ነክቼ ምን ልላት ነው?» አሉ አያቲቱ።

ያኔ ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የሚያድሰው ሰው ጠፍቶ የቆየ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ምን ምን ነበረበት?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«የፋቅኸው አንተ አይደለህ?»

ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። አላመነታም፤ እጁ ያለፈበትን እንጨት አይረሳም። ከታች በኩል ምልክት አደረገ።

«እዚህ ጋ ተቃጥሎ ነበር። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ የጋለ ብረት ነክቶታል።»

«ካውያ ነው። አያትህ እላይ ፎቅ ላይ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት እኔ ታች አንሶላ እተኩስ ነበር። መስቀሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ‹እሱን ተውልኝ› ስል ካውያውን የት እንዳሳረፍኩት አላየሁም።»

«እና ዳነ?»

«አንተን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገህ ማን ነው ታዲያ፣ ጎረቤት?»

እርሳሱ ወደ ቀኝ ክንድ ሄደ። «እዚህ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። ነቀዝ መስሎኝ ደፈንኳቸው።»

«ነቀዟ እናትህ ናት። ጥርስ ስታበቅል ሌላ ነገር አልይዝም አለች።»

መስታወት ሊስቅ ብሎ ተወው። መሃሉን አከበበ።

«ይሄ ስንጥቅ ግን ጥልቅ ነበር። ለሁለት ተከፍሎ በኮላ የተጣበቀ ነው። በኃይል ተመትቷል።»

አያቲቱ ጣታቸውን ክቡ ላይ አሳረፉ።

«አያትህ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ቀብረን የተመለስን ቀን ግድግዳ ላይ ወረወረው።»

«አያቴ? ከቤተክርስቲያን የማይጠፋው?»

«እሱ ራሱ። ስንት ቀን አልጸለየም፤ እኔም ጸልይ አላልኩትም። አንድ ጠዋት ስነሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያጣብቀዋል። ‹ተጣልቼውስ ወዴት እሄዳለሁ? ሌላ ማንን አውቃለሁ?› አለኝ።»

መስታወት መስቀሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«በመሮ እመልሰዋለሁ እምዬ። ሁሉንም፣ በየቦታው።»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ልትተክልለት?» ሳቁ። «ተወው። አፍ አለህ አይደል? እሁድ አንተ ትሰጣታለህ፤ አንተው ትነግራታለህ።»

«እኔ? በሰው ፊት ጸልዬ አላውቅም።»

«አንኮራፍተህም ቢሆን ስትሰማው ነው ያደግኸው።»

እሁድ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ መስታወት በተዋሰው ከረቫት መስቀሉን ይዞ ቆመ። የእርሳሱን ምልክት አላጠፋም ነበር። ካውያውን ተናገረ። ነቀዟን ሲናገር እናቱ «አንተ!» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ አዳራሹ ሳቀ። ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳርፎ ዝም አለ። የሚዘለው መስሏቸው አያቲቱ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ነበር። አልዘለለውም። አያቱ መስቀሉን ሲያጣብቁ ያሉትን ቃል በቃል ተናገረና «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረ። ከመጠን በላይ ስለፈጠነ ሌሎቹ «በሰማያት የምትኖር» ላይ ነው የደረሱበት።

በሁለተኛው ዓመት የሙሽራይቱ ልጅ ጥርስ ስታበቅል የግራውን ክንድ ነከሰችው። መስታወት እንዲያድሰው ተጠይቆ እምቢ አለ።