ሳያነብ የሣለው ሽፋን

«ከደጅሽ ቆሜያለሁ በርሽ ተዘግቶብኝ፣
ም…ም…ም…ም… ሌሊቱ ነጋብኝ።»

ጋሽ ቀለም ብሩሾቹን ሲያጥብ ሁልጊዜ የሚያንጎራጉራት ዜማ ይህች ነበረች። የመጀመሪያውን ስንኝ ከነቃናው ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ይጠፋውና በም…ም… ይሞላዋል። ሰፈሩ የወላጆቹን ስም ትቶ «ጋሽ ቀለም» ያለው ከጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሠላሳ ዓመት የመጽሐፍ ሽፋን ሥሏል። የፍቅር ልቦለድ ከሆነ ድልድይና የምትጠልቅ ፀሐይ፣ የወንጀል ከሆነ የተሰበረ መነጽር፣ የሳይንስ ልቦለድ ከሆነ እሳት የምትተፋ መንኮራኩር። «አንባቢ የሚወደውን ከሩቅ አይቶ መለየት አለበት» ይላል፤ እውነቱን ነው። አንድ ነገር ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መጻሕፍቱን አያነባቸውም። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ገጾች ያያል፤ የቀረውን እንደ ዘፈኑ ከራሱ ይሞላዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሩሹን እያጠበ ሳለ ከሳሎን የሲቃ ድምፅ ሰማ። ሚስቱ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። የያዘችው መጽሐፍ የእሱ ሥራ ነው፤ ቀይ ሰማይ፣ ሰባት መንኮራኩር፣ መሐል ላይ ብረት ለብሳ መሣሪያ ያነገበች ኮረዳ።

«ምን ሆነሽ ነው? የጦርነት መጽሐፍም ያስለቅሳል እንዴ?»

«የምን ጦርነት?»

«የከዋክብቱ ነዋ!»

ሚስቱ ሽፋኑን አየችው፤ ቀጥላ እሱን አየችው። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

«አንተ ሰውዬ! አላነበብከውም!»

«አይ… መጀመሪያውን እኮ…»

«መጀመሪያውማ የጦርነት ጨዋታ ነው! ልጁ ወደ ሩቅ ኮከብ ሊሄድ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ እናቱ እንባዋን እንዳያይባት ‹ና አንድ ዙር እንጫወት› ብላ ኮምፒውተር ላይ የተጫወቱት! ከዚያ ወዲያ አንዲት ጥይት አትተኮስም። ደብዳቤ ነው የምትጠብቀው። ለመድረስ ሃያ ዓመት፣ መልሱ ለመምጣት ሌላ ሃያ ዓመት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ለመሆኑ ይህቺ ብረት የለበሰች ማን ናት? እናትየው እኮ ጉልበቷን ያማታል!»

ጋሽ ቀለም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የባሰበት ደግሞ ሚስቱ የማታውቀው ነገር ነው። ያኔ አሳታሚው ረቂቁን ሲሰጠው ላዩ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ የደራሲዋ የእጅ ጽሑፍ። «እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ከቤተሰቤ ውጭ የሚያነበው የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» ትላለች። እሱ ዐሥሩን ገጽ ከላይ ነጥሎ፣ የቀረውን ክምር ከምትወላገደው የሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ወትፎት ነበር። ጠረጴዛዋ ይኸው ዛሬም ቀጥ ብላ ቆማለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ሳይነካ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። በሦስተኛው ቀን ወደ መጽሐፍ ሻጩ ሄደ። መጽሐፍ ሻጩ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ምላሱ ደግሞ ምላጭ።

«መጣህ፣ የከዋክብት ጄኔራል!» አለው፤ ጥግ ላይ የተቆለለውን መጽሐፍ በአገጩ እያሳየ። «ጦርህ ተሸንፎ ተመልሷል። ጎረምሶቹ ሽፋኑን አይተው ይዘውት ይሮጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን ‹የታለ ውጊያው?› እያሉ እላዬ ላይ ይወረውሩብኛል። ልጁ የራቀበት፣ ሰው የናፈቀው አንባቢ ደግሞ ሽፋኑን ሲያይ ‹ይሄ የልጆች ነው› ብሎ ያልፈዋል።»

«ደራሲዋ… ሰምታለች?»

የጓደኛው ፈገግታ ጠፋ። «ትናንት መጥታ ነበር። ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው የደከመችበት። ክምሩን አየችና ‹ለካ መጻፍ አልችልም። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምሬ ነበር፤ ይቅርብኝ› ብላኝ ሄደች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን ልበላት? የአንባቢ ነገር አይታወቅም አልኳት።»

ጋሽ ቀለም «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ግን አልደፈረም። ቤቷን ብቻ ጠይቆ ወጣ።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እግሩን እየጎተተ ወጣ፤ ሁለቴ ለመመለስ ዞሮ ሁለቴ በራሱ አፈረ። በሩን ራሷ ከፈተችለት።

«እንዴ! አሳታሚው ዘንድ ያየሁዎት የሽፋኑ ሠዓሊ አይደሉም? ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! ምሳ ላይ ደረሱ፤ ቤት ያፈራውን እንቃመስ።» ጠረጴዛው ላይ ሾርባው ይጨሳል፤ ሁለተኛ ሳህን አመጣች፣ ወንበርም ሳበችለት። እሱ እንደ ቆመ ነው።

«ይቀመጡ እንጂ! ቆመው የሚበሉት ሠርገኞች ናቸው።»

«ብቆም ይሻለኛል፣ መምህር።»

«ገባኝ» አለች፤ አንገቷን ሰብራ። «ተቀይመውኛል። ስምዎን አበላሸሁብዎ። እንዲያ ያማረ ሽፋን ሠርተውልኝ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ…»

ይህን ከመስማት በጥፊ ብትመታው በተሻለው ነበር።

«መምህር፣ አላነበብኩትም።»

ቀና ብላ አየችው።

«ስንተኛው ገጽ ላይ አቆሙ?»

«ዐሥረኛው።»

«ጨዋታው ሳያልቅ?»

«ሳያልቅ።»

«የቀረውስ የት ሄደ?»

እዚህ ላይ ሊዋሽ ይችል ነበር። «ጠረጴዛ እግር ሥር» አለ። «ትወላገድ ነበር።»

መምህርቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ዐሥራ አንድ ዓመቴን፣ ጋሼ? ከጠረጴዛ እግር ሥር?» ሳህኗን ገፋ አደረገችው። «እኔ እኮ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት! ሲነጋ ‹አልችልም›፣ ሲመሽ ‹አልችልም›!»

«ይርገሙኝ። ግን ሁለተኛውን እንዳይተዉት። ሰው ውጊያ ፈልጎ ያጣው እኔ ስለዋሸሁት ነው፤ መጽሐፉ ማንንም አላታለለም። ይህንን ለአሳታሚውም ለመጽሐፍ ሻጩም በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ። ሽፋኑንም እንደገና እሠራለሁ፤ አሁን አንብቤዋለሁ።»

«አነበብኩ ማለት ለመዱ።» የአስተማሪነቷ ዐይን መጣ፤ ኮራጅ የያዘች ይመስል አፈጠጠችበት። «እናትየው ደብዳቤው ሲደርሳት ሳትከፍተው ሦስት ቀን ያስቀመጠችው ለምንድን ነው?»

ጋሽ ቀለም ወለሉን አየ። «ከከፈተችው መጠበቁ ያልቃላ» አለ። «አርባ ዓመት ልጇን ያገኘችው በመጠበቅ ነበር። እሱንም እንዳታጣው ፈርታ ነው።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ በመዳፏ ዐይኗን አበሰች። «ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለች፤ ለራሷ ይመስል። ቆይታ ደግሞ፦ «ይቅር አላልኩዎትም፣ ጋሼ። ይሄን ይያዙልኝ።»

«ይዣለሁ።»

«የሁለተኛው ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ እዚሁ ቁጭ ብለው ይጀምሩታል። ወደ ቤት ይዘውት አይሄዱም፤ የቤትዎን ጠረጴዛ አላምናትም።»

መሳቅ ቃጣው፤ እፍረቱ ግን ሳቁን ዋጠው። ጆሮው እንደ ጋለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን ቆረሰና የቀዘቀዘውን ሾርባ መብላት ጀመረ።