በስድስት ቁጥርና በሰባት ቁጥር መካከል

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሆስፒታሉ ኮሪደር ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትመላለስ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ማውረድ እንኳ ረስታለች። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ያ የሐኪም ማዳመጫ መስሏቸው «ዶክተር፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?» ብለው ጠይቀዋታል። በደህና ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ያመጣችው ታናሽ ወንድሟን ነው። አናጺ ነው፤ እጁ ወርቅ የሚባል፣ የሠራው መሳቢያ በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጸጥ ብሎ የሚዘጋ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጠዋት መጠጥ ሳይጎነጭ መጋዙ አጠገብ ዝር አይልም። አሠሪው ታገሠ፣ ታገሠና «ሕክምና መጀመርህን የሚገልጽ ወረቀት እስከ ሰኞ ካላመጣህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው። ዛሬ ዓርብ ነው።

ስድስት ቁጥር የሱስ ክፍል ነው። ነርሷ ካርዱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «እንቅልፍ የለውም፣ ይጨነቃል፣ ልቡ ይደልቃል ይላል። ይሄ የአእምሮ ነው፤ መጀመሪያ ሰባት ቁጥር ይታይ» አለች።

የሰባት ቁጥሩ የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ቀና እንኳ ሳይል «ይጠጣል? እንግዲያው መጀመሪያ መጠጡን ያቁም። ስድስት ቁጥር ውሰጂው» አለ።

በሁለቱ በሮች መካከል ስምንት እርምጃ ቢኖር ነው። መድኃኒት ጠፍቶ ቢሆን ምን ይደረጋል ይባል ነበር። ሐኪሙም አለ፣ ነርሷም አለች፤ የጠፋው ከወንበሩ ተነስቶ የሚነጋገር ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስድስት ቁጥር ስትገባ ትዕግሥቷ ተሟጦ አልቆ ነበር።

«ስሚኝ ሲስተር፣ ወንድሜ አንድ ሰው ነው። ጭንቀቱን ለእሱ፣ መጠጡን ለአንቺ ቆርጬ ላካፍላችሁ? ጨርቅ ቢሆን እኮ አያቅተኝም ነበር!»

«እህቴ፣ አሠራሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ?»

«ተነሺና ጎረቤትሽን አነጋግሪዋ! ስምንት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ!»

ነርሷ ፊቷ ቀላ። ካርዱን ላፍ አድርጋ ተነሳችና እየተመናጨቀች ሰባት ቁጥር ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወንድሟ አጠገብ ዘፍ አለች። ሐኪም ፊት አፌ እንዳይሸት ብሎ ዛሬ ሳይቀምስ ስለመጣ ላብ አጥምቆታል፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደብቋል። አሳዘናት፤ ስላሳዘናት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

«አየህ የምታደርገኝን? መጀመሪያውኑ ያንን ጠርሙስ ብትተወው ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

«እንደ ሰባት ቁጥሩ ሰውዬ አልሽ እኮ፣ እትዬ።»

«ምን አልክ?»

«አንቺም 'መጀመሪያ ተው፣ ከዚያ እናወራለን' ነው የምትይኝ። እንዲህ ስትይኝ ይኸው ዓመት ሞላ።»

ዓመቱን ሙሉ ጠርሙስ ስትደፋ፣ ኪስ ስትፈትሽ፣ በሰው ስታስመክር ከርማለች። ለምን እንደሚጠጣ ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። እውነቱን መሆኑ አንገበገባት።

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

«እሺ፣ ንገረኝ። ሳትጠጣ ስትውል ምን ትሆናለህ?»

ወለሉን እያየ ጀመረ። «አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ አምና መጋዙ ላይ ጣቶቹን ያጣ ቀን ትዝ ይልሻል? እንጨቱን ሲያስተካክል ሳላይ ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። አሁን መጋዙ በጮኸ ቁጥር...»

የሰባት ቁጥር በር ተከፈተ። ሐኪሙና ነርሷ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ወንድምሽን ይዘሽ ግቢ!» አለች ነርሷ። «ሁለታችንም አብረን እናየዋለን!»

ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ የዋለችው ለዚህች ቃል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል እጇን ወደ በሩ አነሳች።

«አንዴ ጠብቁን» አለች፤ «እያወራኝ ነው።»